የተተወ ክፍት ቦታን የሰፈር ማረፊያ ማድረግ፦ ከወረዳ ደብዳቤ እስከ ችግኝ

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። «ሰፈራችን ውስጥ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የቀረ ባዶ ቦታ አለ። ወጣቶቹ ለማጽዳት ተነሳስተዋል። ከየት እንጀምር?» ጠያቂዎቹ ባብዛኛው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ መመሪያውን የጻፍኩት በአዲስ አበባ አሠራር ነው። በሌላ ከተማ የቢሮዎቹ ስም ይለይ ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ማጽዳቱ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ከባዱ ቆሻሻው በሳምንቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ከታች ካሉት ደረጃዎች ግማሽ ያህሉ አካፋ ከመነሳቱ በፊት የሚሠሩት። እባካችሁ እነሱን አትዝለሉ።

መቼ ይጀመር?

ጥር ወይም የካቲት ላይ ጀምሩ። የወረቀቱ ጉዳይና ስብሰባው እስከ መጋቢት ይሂድ። ጽዳቱንና የአፈር ሥራውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጨርሱት። የችግኝ ጉድጓዱም ግንቦት ላይ ይቆፈር። ዋናው ዝናብ ሰኔ ይገባል፤ ተከላው ሐምሌ ይሆናል። ብዙ ሰዎች ሐሳቡ የሚመጣላቸው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ጭቃው አያሠራም፣ መኪና አይገባም፣ ፈቃዱም ሳይመጣ ዝናቡ ያልፋል። ሐሳቡ ሐምሌ ላይ ከመጣላችሁ በዚያ ክረምት ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ብቻ እያያችሁ መዝግቡ። በኋላ በጣም ይጠቅማችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለወረቀቱ ሥራ፦
- ፎቶ የሚያነሳና ካርታ ያለው ስልክ
- የቃለ ጉባኤ ደብተር
- የተሳታፊዎች ስምና ፊርማ የሚሞላበት ቅጽ
- ሜትር (50 ሜትሩ ቢሆን ይመረጣል)

ለጽዳትና ለአፈር ሥራ፦
- አካፋ፣ ዶማ፣ ዲጂኖ፣ ባሬላ ወይም የእጅ ጋሪ
- ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ቦት ጫማ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ
- ጆንያ፣ በብዛት
- ስለታም ነገር የሚሰበሰብበት ክዳን ያለው ጀሪካን ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ
- ረጅም መቆንጠጫ፤ ከሌለ ጫፉ ላይ ሚስማር የተመታበት ዱላ
- ክር፣ ችካልና ውሃ ልክ
- የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ሳሙናና ብዙ ውሃ

ለተከላው፦
- ችግኝ፣ የበሰለ ብስባሽ፣ መደገፊያ እንጨት፣ የችግኝ አጥር
- ለበጋ ውሃ ማጠራቀሚያ፤ ሮቶ ካልተገኘ በርሜል

ሁሉንም ለመግዛት አትሩጡ። ዶማና አካፋ በየቤቱ አለ። ባሬላና የእጅ ጋሪ ደግሞ በአቅራቢያው ግንባታ ካለ በትውስት ይገኛል። ጓንትና ጫማ ላይ ግን አትቆጥቡ።

ደረጃ 1፦ ቦታው የማን እንደሆነ አጣሩ

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተደንግጓል። ይህ ግን ባዶ የሚመስል ቦታ ሁሉ ባለይዞታ የለውም ማለት አይደለም። ለዓይን አንድ የሚመስሉ ቦታዎች ጉዳያቸው በጣም የተለያየ ነው።

በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ከሁሉም ይቀላል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነው ክፍል የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ የማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከወሰነና ቃለ ጉባኤ ከተያዘ ወደ ሥራ መግባት ትችላላችሁ።

በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ተይዞ ሳይለማ የቀረ ቦታም ጥሩ ነው። የምትጠይቁት ነገር ከፕላኑ ጋር ስለሚስማማ ወረዳው እሺ ለማለት አይከብደውም።

በሊዝ ተወስዶ ታጥሮ የቀረ ቦታ ውስጥ ግን አትግቡ። ሣሩ ቢያድግም፣ አጥሩ ቢወድቅም ባለይዞታ አለው። በሊዝ የተወሰደ መሬት ግንባታ የሚጀመርበት የጊዜ ገደብ ስላለው ጉዳዩን በጽሑፍ ለወረዳው አመልክቱ። አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ጠርዝ መንከባከብ ይቻላል።

ወንዝ ዳር፣ ከከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ሥር ወይም ለመንገድ የተተወ ቦታ ከሆነ ከወረዳው በተጨማሪ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስምምነት ጠይቁ። ከሽቦ ሥር ረጅም ዛፍ አይተከልም። ወንዝ ዳር ደግሞ ክረምት ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ የድሮ ነዋሪዎችን ሳትጠይቁ ምንም አትሥሩ።

ለልማት ተብሎ ቤቶች የተነሱበት ቦታ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የኮሪደር ልማትም ሆነ ሌላ ግንባታ ዛሬ ነገ ሊጀመር ይችላል።

የምትጠይቁት በወረዳችሁ ወይም በክፍለ ከተማችሁ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ፎቶና በስልክ ካርታ ላይ የተመለከተ ቦታ ይዛችሁ ሂዱ። «እዚያ ጋ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ማለት አይበቃም። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይዞታው የማን ነው? በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል?

*ለምን?* ሦስት ዓመት የተንከባከባችሁት ዛፍ በአንድ ጠዋት በዶዘር ሊነሳ ስለሚችል ነው። ቦታው የእናንተ ይዞታ ስላልሆነ ካሳ አትጠብቁ። ቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ ከዚህ ያድናል።

ደረጃ 2፦ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ ለአንድ ሳምንት ተመልከቱ

ብዙ ሰፈር ይህን ስለሚዘል ነው ሥራው የሚበላሽበት። ዕጣ አውጡና ሁለት ሁለት ሰው እየሆናችሁ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ተቀመጡ። ማንንም አትጣሉ፣ ፎቶ አታንሱ። ምን ዓይነት ቆሻሻ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደመጣ ብቻ ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተራችሁ ላይ ከሚከተሉት አንዱን ወይም ሁለቱን ታገኛላችሁ።

*የቤት ቆሻሻ በፌስታል።* የሚመጣው ከራሳችሁ ሰፈር ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበሩ ቀን መዛባት ወይም የገንዳው መራቅ ነው። ወደ ቤቶቹ ሄዳችሁ በትህትና ጠይቁ። «እትዬ፣ ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?» ብላችሁ ብትጀምሩ መልሱ እውነት ይሆናል። «ለምን ትጥያለሽ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ማንም እኔ ነኝ አይልም። ከዚያ ከሰብሳቢ ማህበሩ ጋር ቋሚ ቀንና ሰዓት ተስማሙ። ቀኑንም በየበሩ ለጥፉ።

*ፍርስራሽና የግንባታ ትርፍ።* ይህ ሌሊት በጋሪ ወይም በአይሱዙ ይመጣል። ምክርም ማስታወቂያም አይመልሰውም፤ የሚመልሰው መግቢያውን መዝጋት ነው። ትልልቅ ድንጋይ በ1 ሜትር ከ20 ልዩነት ደርድሩ። ሰውና የተሽከርካሪ ወንበር ያልፋል፣ መኪና አያልፍም። ይህን ግን ከወረዳው ጋር ከተስማማችሁ በኋላ አድርጉት፤ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ አለመሆኑንም አረጋግጡ።

*የምግብ ቤት ትርፍና እጣቢ።* ባለቤቱን ለብቻው አነጋግሩት። ከብት ለሚያረቡ ሰዎች የሚሰጥ ትርፍ ካለው አገናኙት። እምቢ ካለ ጉዳዩ የደንብ ማስከበር ነው።

*ሽንት።* ታክሲ ተራ፣ ገበያ ወይም መጠጥ ቤት አጠገብ ካለ ይህን አበባ አይከለክለውም። ቅርብ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ የት ነው? ክፍት ነው? ማታስ? ከሌለ ለወረዳው በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ይህንንም አክሉ። እስከዚያው ጨለማውን ጥግ በመብራትና በመቀመጫ ክፈቱት። ሰው የሚቀመጥበት ጥግ ላይ የሚሸና ይቀንሳል።

*ለምን?* ምንጩ ሳይዘጋ ቦታው ቢጸዳ ለቀጣዩ ቆሻሻ ቦታ ማዘጋጀት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሰፈሩን ሰብስቡና ምን እንዲሆን ወስኑ

ስብሰባውን በዕድር በኩል ጥሩ። ዕድር መዝገብ አለው፣ ጥሩንባ ነፊ ወይም ስልክ ደዋይ አለው፣ ሰውም ያከብረዋል። የወረቀት ማስታወቂያ ብቻ ለጥፋችሁ ብትጠብቁ የሚመጡት ቀድሞም የሚስማሙት ናቸው።

ቦታውን አሁን የሚጠቀሙትንም ጥሩ። ባዶ የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። በግ የሚያስር አለ። ማታ የሚያድሩበት ሰዎች ይኖራሉ። እነዚህን ሰዎች ከቦታው አባርሮ መናፈሻ መሥራት ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ በተግባርም አይሠራም። ቦታውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጎዳና ላይ የሚኖሩ ወጣቶች በጽዳቱ ላይ በክፍያ ቢሠሩ፣ ኋላም ጥበቃው ቢሰጣቸው ከየትኛውም አጥር ይሻላል።

በስብሰባው ላይ ከሁለት አገልግሎት በላይ አትምረጡ። 300 ካሬ ሜትር ላይ የኳስ ሜዳ፣ የአትክልት ማሳ፣ የልጆች መጫወቻና የሠርግ ድንኳን ቦታ አንድ ላይ አይገቡም። ለምሳሌ ጥላ ያለው መቀመጫና የልጆች መጫወቻ ይስማማሉ። ሐሳቡን ከመወሰናችሁ በፊት ወለሉ ላይ በኖራ ሥሉት። ሰዎች መሬት ላይ ተሥሎ ሲያዩት «መቀመጫው ወደ በሬ ዞረ፣ ማታ ይረብሸኛል» የመሰለውን ጠቃሚ አስተያየት ያን ጊዜ ይናገራሉ።

አምስት ወይም ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ምረጡ። ከቦታው ጎን የሚኖር ቢያንስ አንድ ሰው፣ ሴቶችና ወጣቶች ይኑሩበት። ቃለ ጉባኤው በዚያው ዕለት ተጽፎ በዚያው ይፈረም። «በኋላ እንፈርማለን» የተባለ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ ከወረዳው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ

ቃል ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ። ዛሬ «በርቱ» ያላችሁ ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረዳ ሊመደብ ይችላል። ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ማመልከቻችሁ አንድ ገጽ ይሁን። ከኋላው ቃለ ጉባኤውን፣ የፊርማ ዝርዝሩን፣ ፎቶና ቀላል ንድፍ አያይዙ። በስምምነቱ ውስጥ እነዚህ በግልጽ ይስፈሩ፦

- ቦታው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ በሜትር
- ኮሚቴው ምን እንደሚሠራ፣ ወረዳው ምን እንደሚያግዝ (ለምሳሌ የተሰበሰበውን ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና)
- ስምምነቱ የሚቆይበት ጊዜና የሚታደስበት ቀን
- ቦታው ለሌላ ልማት ከተፈለገ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገራችሁ
- ቦታው ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ፣ ማንም ለግሉ እንደማይዘው

የመጨረሻውን ራሳችሁ ጠይቃችሁ አስገቡ። ሰፈሩ ያለማውን ቦታ አንድ ግለሰብ አጥሮ መኪና ማቆሚያ ሲያደርገው የምትከራከሩበት ወረቀት እሱ ነው። ከዚያ ግልባጩን ለደንብ ማስከበርና ለጽዳት ክፍሉ አድርሱ። ሳያውቁ መጥተው ሥራ እንዳያስቆሙ ይጠቅማል። ቁጥርና ማህተም ያለበትን ቅጂ ሦስት አድርጋችሁ በተለያየ ሰው እጅ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ግልጽ አድርጉ

የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰው ስም ይከፈት፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን። የገባውና የወጣው በየወሩ ቦታው ላይ ይለጠፍ። በዓይነት የሚሰጥንም መዝግቡ። አሸዋ የሰጠው ነጋዴና አንድ ቀን የቆፈረው ልጅ ስማቸው ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ሌላውም ይከተላል።

ደረጃ 6፦ ከጽዳቱ በፊት አደጋውን ፈትሹ

ሁለት ጎልማሶች ብቻ ቦታውን በመስመር እየሄዱ ይፈትሹ። በየእርምጃው መሬቱን በዲጂኖ ይንኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካገኛችሁ ችካል ትከሉና ከልሉት።

> ማስጠንቀቂያ፦ የቆየ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ። ዕቃ ወድቆም ቢሆን አይግባ። ከውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በትንፋሽ ውስጥ ራስን ያስታል፤ ለማዳን የሚገባውንም ይገድላል። ሰው ከወደቀ ወዲያው ለእሳትና አደጋ መከላከል ደውሉ።

> ማስጠንቀቂያ፦ መርፌና ሲሪንጅ በእጅ አይነሳም፤ ጓንት ቢደረግም። በመቆንጠጫ አንሥታችሁ ጀሪካን ውስጥ ክተቱና ለጤና ጣቢያ አስረክቡ። የተወጋ ሰው ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና ታጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቅ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ከትልቅ የቆሻሻ ወይም የአፈር ክምር ሥር አትቆፍሩ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚነሳው። ከሥር የተነካ ክምር ይናዳል።

የወደቀ ሽቦ ካለ አትጠጉት፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አሳውቁ። የውሃ መስመር የት እንደሚያልፍ ካላወቃችሁ ከቆጣሪዎቹ አቅጣጫ ገምቱና ለሚመለከታቸው ጠይቁ።

ቦታው ቀድሞ ጋራዥ፣ ባትሪ መሥሪያ ወይም ቀለም ቤት ነበር? ይህን የድሮ ነዋሪዎች ያውቃሉ። ከነበረ የሚበላ ነገር መሬቱ ላይ አትዝሩ። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያሉ፤ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣን በመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎችም ወደ ሰው ይደርሳሉ። በከተማው ወንዞች ውሃ ማጠጣትም እንዲሁ ነው። የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይሸከማሉ።

ደረጃ 7፦ የጽዳት ቀን

ከቀኑ በፊት ቆሻሻውን የሚያነሳው መኪና ቁርጥ ያለ ሰዓት ይኑረው። መኪናው ካልተረጋገጠ ጽዳቱን አራዝሙት። ተሰብስቦ በጆንያ የተደረደረ ቆሻሻ በሁለተኛው ቀን ውሾች ይቀዱታል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ይጨምርበታል።

የተሰበሰበውን በአራት ክምር ክፈሉት። ሃይላንድ፣ ብረትና ካርቶን አንድ ላይ ሆኖ ለቆራሌ ይሸጥ፤ ገንዘቡ ወደ ሒሳቡ ይግባ። ድንጋይና ፍርስራሽ አይጣልም፤ ለመንገዱ መሠረት ይሆናል። ቅጠልና ሣር ለብስባሽ ይቀመጥ። የቀረው ወደ መኪናው ይጫን።

ምንም ነገር አታቃጥሉ። የፕላስቲክ ጭስ መርዛማ ነው፤ ከጎን ያሉ ቤቶች ውስጥ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው አለ። ልጆች መሳተፍ ከፈለጉ ውሃ በማቅረብና ችግኝ በማጠጣት ይሳተፉ። ቆሻሻ ማንሳት የእነሱ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ውሃውን መንገድ አስይዙት

አፈሩን ሳታውቁ ንድፍ አታጽድቁ። 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ አፈሩ ኮትቻ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ሳይሆን አይቀርም። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ንጣፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወላገዳል።

ሒሳቡን አስቡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 500 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቢጥል 15,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ የሚወጣበት ካልተሠራለት የሚገባው ዝቅ ያለ ቤት ያላት ጎረቤት ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋፊያችሁ የነበረችው ሴት ከሳሽ ትሆናለች፤ እውነትም አላት።

ስለዚህ፦

1. ከቤቶቹ ግድግዳ ርቆ እንዲወርድ ለየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ስጡ። በክርና በውሃ ልክ ይለካል።
2. ዝቅተኛው ጠርዝ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ከፍርስራሹ በተለየው ድንጋይ ሙሉት። ውሃውን ቀስ እያለ ያሰርገዋል።
3. ትርፉ ወደ መንገድ ዳር ቱቦው እንዲገባ አድርጉ። የቆሻሻ መውረጃ መስመር ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ወደ ቤት ይመለሳል።
4. ተዳፋቱ ላይ ቬቲቨር ወይም ዴሾ ሣር በመስመር ትከሉ። ሥራቸው አፈሩን ይይዛል።

ደረጃ 9፦ መንገድ፣ መቀመጫ፣ መብራት

መንገዱን ሰዎች አሁን በሚያቋርጡበት ላይ ሥሩ። ሰው የለመደውን አቋራጭ አበባ ብትተክሉበትም ይረግጠዋል። ከሥር ፍርስራሽ፣ ከላይ ቀይ አሸዋ ወይም የተረፈ ኮብልስቶን ይበቃል።

መቀመጫው ከድንጋይ ወይም ከኮንክሪት ይሁን። ብረት የሆነ ነገር ይነቀላል፣ ይሸጣል። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለሽማግሌም ለመነሳት ይመቻል። ጀርባው ወደ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ መንገድ ይዙር።

ለልጆች አሮጌ ጎማ ጥሩ ነው። ሽቦው የወጣውን አትጠቀሙ። ታችኛው በኩል ብሱት፤ ካልተበሳ ውሃ ይቋጥርና ትንኝ ይፈላበታል። ከመወጣጫና ከዥዋዥዌ ሥር 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይደረግ።

መብራት ከሌለ ቦታው ማታ ለሌላ ሰው ይሆናል። በአጠገቡ ያሉ ሁለት ቤቶች የበራቸውን አምፖል ወደ ቦታው እንዲያዞሩ ጠይቁ፤ የመብራት ወጪውን ኮሚቴው ይጋራቸው።

ደረጃ 10፦ ተክሉ

ጉድጓዱ 50 በ50፣ ጥልቀቱም 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሲቆፈር የላዩ አፈር በአንድ ወገን፣ የሥሩ በሌላ ወገን ይቀመጥ። ሲተከል የላዩ አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥር ይገባል፤ ለም የሆነው እሱ ስለሆነ ነው።

የችግኙን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ይህን በየዓመቱ እደግመዋለሁ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ያታልላችኋል፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ በጋ ላይ ይደርቃል።

ለጥላ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ ወይም ግራቪሊያ ጥሩ ናቸው። ከቤት ግድግዳና ከቧንቧ መስመር ቢያንስ 4 ሜትር አርቁ። ባሕር ዛፍ በጠባብ ቦታ አትትከሉ፤ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር በደንብ አይበቅልም። ለወለሉ ሰርዶ ይበቃል፤ ቢረገጥም ይመለሳል። በአረንጓዴ አሻራ ወቅት ችግኝ በወረዳ በኩል ስለሚከፋፈል የምትፈልጉትን ዓይነትና ቁጥር ግንቦት ላይ አስመዝግቡ። ካላስመዘገባችሁ የተረፈው ይደርሳችኋል።

አትክልት ከፈለጋችሁና አፈሩን ካላመናችሁት በጆንያ ትከሉ። ጆንያውን ንጹሕ አፈርና ብስባሽ ሙሉት። መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር አድርጉ፤ ውሃው እኩል ይዳረሳል። ጎኑን በስታችሁ ጎመንና ቆስጣ አስገቡበት።

ከሃምሳ ችግኝ የሚታጠጣ አሥር ይሻላል። ለአንድ ወጣት ዛፍ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሳምንት 20 ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ዛፍ ለአንድ ቤት ስጡ፤ ስሙም ዛፉ ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 11፦ በየቀኑ ሰው እንዲኖርበት አድርጉ

ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ከወረዳው ጋር ተነጋግራችሁ ቋሚ ጥግ ይሰጣት። በምላሹ ጠዋት ትጥረግ፣ ውሃ ታጠጣ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ባለበት ቆሻሻ የሚጥል ድፍረት ያጣል። የዕድሩ ወርሃዊ ስብሰባም እዚያው ይሁን። ተማሪዎች ከትምህርት ሲመለሱ የሚያጠኑበት ጠረጴዛ አንድ ይኑር።

አንድ ፌስታል ተጥሎ ካገኛችሁ በዚያው ዕለት አንሱት። ለነገ ካደረ ሁለተኛው ይመጣል። የጽዳት ተራ በየቤቱ በሳምንት ይዙር፤ ተራ ያለበት ቤት ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

የተለመዱ ስህተቶች

- *አጥር ቀድሞ መሥራት።* የታጠረ ቦታ ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይገባል፤ ቦታውም የእሱ ይመስላል። ችግኙን ብቻ አጥሩ።
- *ቋሚ ቤት ወይም ጣሪያ መሥራት።* ያለ ግንባታ ፈቃድ ከተሠራ ይፈርሳል፤ ስምምነታችሁም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።
- *ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማልማት።* ቦታው ትልቅ ከሆነ ከመንገዱ ጎን ያለውን ሲሶ ብቻ ጀምሩ። ሰው ሲያየው ለቀሪው ይመጣል።
- *ማስፈራሪያ ጽሑፍ መለጠፍ።* «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ከማለት የቆሻሻ መኪናው የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ የበለጠ ይሠራል።
- *ለምርቃት ቀን መሥራት።* እንግዳ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ አበባ ተገዝቶ ይተከላል፤ በጋ ላይ የሚያጠጣው የለም። ገንዘቡን ለሮቶ አድርጉት።
- *ስምምነቱን አለማሳደስ።* ቀኑ ከማለፉ ከሁለት ወር በፊት የሥራውን ፎቶና የወጪ ዝርዝር አያይዛችሁ አመልክቱ። የኮሚቴ አባል ሲለወጥም ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ካልሆነ የማደሻው ደብዳቤ ከሰፈር ለወጣ ሰው ይደርሳል።